ክፍት ምንጭ፣ በነፃ ይቅዱ

አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔ በዕድሜዬ አንዲት መስመር የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፌ አላውቅም። ከኮምፒውተር የማውቀው ደብዳቤ መተየብና ማተሚያው ወረቀት ሲነክስ ጎኑን በጥፊ ማለት ብቻ ነው። ይህን የማስቀድመው ታሪኩን ስትሰሙ «ታዲያ አንተን ምን ጥልቅ አደረገህ?» ማለታችሁ ስለማይቀር ነው። ጥያቄው ልክ ነው። እኔም ራሴን ደጋግሜ ጠይቄው ዝም ብሎኛል።

ሥራዬ ሪፖርት ማጠናቀር ነው፤ አምቦ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት። ሌሎች የሠሩትን በሠንጠረዥ አስቀምጣለሁ፤ ያልሠሩትን ደግሞ «በሂደት ላይ» በሚለው ዓምድ ሥር አስገባለሁ። እንዲህ ያለ ሙያ ያለው ሰው ከቢሮ ውጭ ሥራ ሲፈታ አደገኛ ነው። ያየው ነገር ሁሉ ሠንጠረዥ ያሰኘዋል።

ለሊሴ ጎረቤቴ ናት። ኮምፒውተር ታስተምራለች፣ እሑድ ኳየር ትዘምራለች፣ በቀረው ጊዜ ፕሮግራም ትጽፋለች። ይህን ፕሮግራም የጀመረችው በእናቷ ምክንያት ነው። እናቷ አዴ ጫልቱ ጤና ጣቢያ በሄዱ ቁጥር ካርዳቸው ይጠፋል። አንዱ የካርድ ክፍል ሠራተኛ በአማርኛ ፊደል ጽፏቸዋል። ሌላው በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ በቁቤ ጽፏቸዋል፤ በቁቤ «ጨ» የሚጻፈው በላቲኑ «ሲ» ነውና፣ እንግሊዝኛ የቀናው ሦስተኛ ሠራተኛ ይመጣና «ካልቱ! ካልቱ የለችም?» እያለ ይጣራል። አዴ ጫልቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ይቺ ካልቱ የምትባል ሴት የት ሄዳ ነው ሰው የምታስጠብቀው?» እያሉ ያዝናሉ። በመጨረሻ አዲስ ካርድ ይወጣላቸዋል። እንዲህ እያሉ በሦስት ካርድ የሦስት ሰው በሽታ ይዘው ይኖሩ ነበር።

የለሊሴ ፕሮግራም ስምን በየትኛውም ፊደል ብትጽፉለት ሰውየውን ፈልጎ ያመጣል። ሥራውን አልሸጠችውም። «ኦፕን ሶርስ ነው» አለችን። ፕሮግራሙ የተሠራበት ጽሑፍ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል፣ ያገኘ ለሌላው ይሰጠዋል። በሲዲ እየገለበጠች፣ ሽፋኑ ላይ ስሟንና ስልኳን በእጇ እየጻፈች ለየጤና ጣቢያው አደለች።

ከእሷ ጋር ዘጠኝ ሆነን «ማኅበረሰብ» ተባልን። ሊቀ መንበር አለን፣ ምክትል አለን፣ ጸሐፊ አለን፣ ቁጥጥር ኮሚቴ አለን። ፕሮግራም የሚጽፍ ስንት ሰው ነው ብትሉ፣ አንድ፤ እሷው። ቁጥጥር ኮሚቴው ምን ይቆጣጠር እንደነበር ዛሬም አላውቅም። በኢሜይል የምንወያይበት መድረክም ነበረን። ለሊሴ «እባካችሁ ይህን ሞክሩልኝ» ብላ የጻፈች ቀን አንድ ሰው አልመለሰላትም። የቲሸርታችን ቀለም ምን ይሁን የተባለ ዕለት ግን ኢንተርኔት ቤቱ በእኛ ብቻ ተጣበበ። ቲሸርቱ እስከ መጨረሻውም አልታተመም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበን ሳለ ለሊሴ እጇን አወጣች። በስብሰባ መናገር ልማዷ አልነበረም።

«ሲዲውን ካደልኩ ከርሟል» አለች። «የሚሠራበት ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ደውሎ ሠራ፣ አልሠራም ያለኝ የለም። አዲስ አበባ አንድ ባንክ ሥራ ሰጥቶኛል፤ እስከ ሰኔ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። እኔ እዚሁ ብቀር ነው ደስ የሚለኝ፤ እማዬም ብቻዋን ናት። ግን ለማን እንደምሠራ ልወቅ። አንድ ሰው ይበቃኛል።»

አንድ ሰው! ጥያቄዋ ይኸው ነበር። አሁን ሳስበው፣ ከመካከላችን አንዱ ሚኒባስ ተሳፍሮ በየጤና ጣቢያው ዞሮ ቢጠይቅ በሳምንት ያልቅ ነበር። እኛ ግን ማኅበረሰብ ነን፤ ማኅበረሰብ ሚኒባስ አይሳፈርም።

ሊቀ መንበራችን ኦቦ ድሪባ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናቸው፤ ሲናገሩ ዛሬም ሰልፍ ላይ የቆምን ይመስለናል።

«ችግሩ የኮሙኒኬሽን ነው» አሉ። «ስትራቴጂ ያስፈልገናል። ማነው የሚጽፈው?»

ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማየት ሲገባኝ «እሞክራለሁ» አልኩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ሁለት ወር ሙሉ ጻፍኩ። አርባ ገጽ ወጣው። ራዕይ አለው፣ ተልዕኮ አለው፣ «ባለድርሻ አካላት» የሚል ረጅም ሠንጠረዥ አለው። ከገበሬ እስከ ዓለም አቀፍ ድርጅት ያልጻፍኩት የለም፤ የትራፊክ ፖሊስ ሳይቀር አስገብቻለሁ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። የካርድ ክፍል ሠራተኛ የሚል ግን የለበትም። ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ከዚያ የፕሮግራሙ ስም ነገር መጣ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባላል፤ እኛን ግን ጎረቤት ብቻ ሳይሆን ወረዳው ሁሉ ተከተለን። ኦቦ ድሪባ የውጭ ቃል ሕዝብን ያስፈራል አሉ። «ኦፕን» ክፍት ነው፣ «ሶርስ» ምንጭ ነው፤ ስለዚህ «ክፍት ምንጭ»። «በኦሮምኛም መዳ በና ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ያምራል» አሉ። «ሶፍትዌር» የሚለው ቃልም በዚያው ምክንያት ወጣ። በጭብጨባ ጸደቀ። ለሊሴ ብቻ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ሰው ምን መስሎት ያነበዋል?» አለችኝ። እኔም ስለ ብራንዲንግ አስረዳኋት። ብራንዲንግ የሚለውን ቃል ያወቅኩት በዚያው ሳምንት ነበር።

በዚያው ስብሰባ የሲዲው ሽፋን ተነሳ። «ይህ ስምና ስልክ ምንድን ነው?» አሉ ኦቦ ድሪባ። «ማኅበረሰብ ግለሰብ የለውም። ነገ እሷ ብትታመምስ?» ነገሩ እውነት ይመስላል። ስሟ ወጣ፣ ስልኳም ወጣ። በምትኩ የእኔ መሥሪያ ቤት ፖስታ ሣጥን ቁጥር ገባ፤ በስትራቴጂዬ ውስጥ «ማንኛውም ግንኙነት በጽሑፍ ሆኖ ለፋይል አመቺ መሆን አለበት» ብዬ ጽፌ ነበርና። ለሊሴ እጇን አላወጣችም። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ተባለ።

ፖስተሩን የነደፍኩት እኔ ነኝ፤ እዚህ ላይ ማንንም አላማም። ከላይ በትልቁ «ክፍት ምንጭ ለሁሉም!»፤ ሥሩ «በነፃ ይቅዱ! ለጎረቤትዎ ያካፍሉ!»፤ ከታች የፖስታ ሣጥኑ ቁጥር፣ ፕሮግራሙ የሚመረቅበት ቀንና ቦታ። ባዶ እንዳይመስል ብዬ ከድንጋይ መሃል ኩልል ብሎ የሚወርድ ውሃ ፎቶ አስገባሁበት። አምቦ ውስጥ፣ ውሃው ጋዙን ይዞ ከመሬት በሚፈላበት ከተማ፣ ይህን ለጠፍኩ። መቅዳት የሚለው ቃል ኮምፒውተር ሳይመጣ ምን ላይ ይውል እንደነበር አንዴም ትዝ አላለኝም።

ፖስተሩን ይዤ በሚኒባስ እስከ እንጭኒ፣ እስከ አዲስ ዓለም ዞርኩ፤ አዲሱን ሲዲም በየጤና ጣቢያው በር ላይ ላገኘሁት ዘበኛ እየሰጠሁ አለፍኩ። ለዘበኛ! ወደ ውስጥ ገብቼ ማን እንደሚጠቀምበት ብጠይቅ ሚኒባሱ ያመልጠኛል። አዲስ ዓለም ላይ መንገድ ዳር ድንች የሚሸጡ ሴትዮ ፖስተሩን ስለጥፍ ቆመው አዩኝ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ነገር እኛም ዘንድ ይደርሳል?»

«በሚገባ! መብራት ባለበት ሁሉ ይደርሳል።»

«በፓምፕ ነዋ» አሉ፣ ለጎናቸው ሴት እያስረዱ። እኔም በትሕትና ፈገግ ብዬ ወደ ሚኒባሱ ሮጥኩ።

በምረቃው ጠዋት በመሰብሰቢያችን በር ላይ የተሰለፈውን ሰው ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰልፉ ከግቢው ተርፎ መንገዱ ላይ ወጥቷል። «አየሽ?» አልኳት ለሊሴን፤ «አንድ ሰው ነበር ያልሽው!» እሷ የሰዎቹን እጅ ነበር የምታየው። ሁሉም ቢጫ ጀሪካን ይዟል። ከፊት ያሉት ሽማግሌ በአህያ ጭነው ነው የመጡት።

«አካም ነጋ፣ ኦቦ» አሉኝ። «ቢሻን ኤሳ ጅራ? ውሃው ወዴት ነው?»

«ውሃ አይደለም አባባ፤ ኮምፒውተር ነው።»

«ይሁን። በየት በኩል ነው የሚቀዳው?»

ለሊሴ ሽማግሌውን እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ስማቸውን መዝግባ በአማርኛ ጻፈች፤ ማሽኑ አገኛቸው። በቁቤ ጻፈች፤ አሁንም አገኛቸው። ሽማግሌው ስክሪኑን ትክ ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ገለቶሚ ልጄ፣ ጎበዝ ነሽ» አሉ። «ግን አይጠጣም።» አህያቸውን እየነዱ ሄዱ። የቀረው ሰው እንደሳቸው ጨዋ አልነበረም፤ ስድቡን በሁለት ቋንቋ ተቀበልኩ።

በዚህ መሃል አንዲት የጤና ባለሙያ የተቀደደ ፖስተራችንን ጨብጣ ሰልፉን ሰንጥቃ መጣች። «ማነው ይህን የለጠፈው? እኔ ክፍት ምንጭ ተቅማጥ ያመጣል እያልኩ በየቀበሌው እግሬ እስኪነቃ ስዞር፣ እናንተ ለሁሉም ይሁን ትላላችሁ?» ጊዜ ሳላጠፋ የቃሉን አመጣጥ ከእንግሊዝኛው ጀምሬ ማስረዳት ጀመርኩ። «ይኸው! ሶርሱ ኦፕን ነው እያልከኝ እኮ ነው! መከደን አለበት!» አለች። በእሷ በኩል ልክ ናት።

ሕዝቡ ሲበተን ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ደብዳቤ ተከተለ። «ጉዳዩ፦ ምንጭ እንዲጎለብትልን ስለመጠየቅ።» «ጉዳዩ፦ የምንጫችን ቧንቧ ስለመሰበሩ።» ማኅተም ያለውም የሌለውም ከየመንደሩ ወደ ፖስታ ሣጥናችን ጎረፈ። የመሥሪያ ቤታችን የመዝገብ ቤት ኃላፊ ወይዘሮ አስቴር በሁለት እጃቸው ታቅፈው አምጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ጣሉት። «ይህን ውሃህን ከመዝገቤ አውጣልኝ» አሉ።

ስትራቴጂ ያለው ሰው አይቸገርም። አንድ አባሪ ጻፍኩ፦ «ጉዳዩ በሚለው መስመር ላይ ምንጭ የሚል ቃል ያለበት ማንኛውም ገቢ ደብዳቤ ለማኅበረሰቡ ሳይቀርብ በቀጥታ ለሚመለከተው የውሃ መሥሪያ ቤት ይመራ።» ይህን ዓረፍተ ነገር ጽፌ እንዴት እንደኮራሁ ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ። ወይዘሮ አስቴርም በሥራ ዘመናቸው እንዲህ ያለ ግልጽ መመሪያ ደርሷቸው እንደማያውቅ ነገሩኝ።

ለሊሴ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ አጥሬ ጋ ትቆማለች። «አካም ቡልተን፣ ጋሼ? ደብዳቤ መጣ?»

«መጥቷል፤ ግን የውሃ ነው።»

ሚያዝያም ግንቦትም እንዲሁ አለፈ። የውሃ ነው፣ አሁንም የውሃ ነው። ሰኔ ሲገባ መጠየቋን ተወች፤ ቆም ብላ ታየኛለች፣ ራሴን እወዘውዛለሁ፣ ትሄዳለች። በሰኔ መጨረሻ ባንኩን እሺ አለችው።

የስንብት ፕሮግራም አዘጋጀንላት፤ በዚህ እንኳ አንታማም። ኦቦ ድሪባ ረጅም ንግግር አደረጉ። የምስጋና ምስክር ወረቀት ሰጠናት፤ ስሟ «ለሊስ» ተብሎ ታትሟል። የሰውን ስም ለሚያቃና ሥራ ያመሰገንናት በተበላሸ ስም ነው። አይታ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። በማግስቱ አዴ ጫልቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። እኔም ሻንጣዋን ተሸከምኩ። ለእሷ የሚረባ ሥራ የሠራሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

መስከረም ላይ ለመሥሪያ ቤቴ የመስክ ሥራ ወደ እንጭኒ ሄድኩ። የበላሁት ምሳ ሆዴን ቆረጠኝና መንገድ ዳር ወዳለች አንዲት ጤና ጣቢያ ገባሁ፤ ስሟን ልተወው፣ እሷ ምንም አላጠፋችም። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ጋሽ ተሾመ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው ናቸው። ዓምናም እዚያው ታክሜ ስለነበር ካርድ አለኝ አልኳቸው። ትልቁን መዝገብ ገልጠው በጣታቸው እየተከተሉ መውረድ ጀመሩ። ገጽ ያልቃል፣ ሌላ ይገልጣሉ።

«ታገሥ ልጄ» አሉኝ። «እስከ ክረምቱ ድረስ በኮምፒውተር ወዲያው ይገኝ ነበር። አንድ ጥሩ ፕሮግራም ነበረን፤ በአማርኛም በቁቤም ብትጽፈው ሰውን ያወጣ ነበር።»

ሆዴን ረሳሁት። «ነበረን?»

«ደህና ሲሠራ ቆይቶ ጴጥሮስ የሚባሉ ሰዎችን እምቢ አለ። ጳውሎስንም። በ‹ጰ› የሚጀምር ሰው አይገኝም። ሲዲው ላይ ስልክ የለው፣ የፖስታ ሣጥን ነው ያለው። ጻፍኩ። ስሙ ክፍት ምንጭ ነውና ‹ጉዳዩ፦ ክፍት ምንጩ ስለመበላሸቱ› ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። መልስም መጥቶልኛል።»

መልስ! ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው፣ የጻፈው የውሃ መሥሪያ ቤት ነው። «ክፍት ምንጩ ስለመበላሸቱ በተደጋጋሚ የጻፋችሁት ደርሶናል። ምንጩ በሚቀጥለው በጀት ዓመት በባለሙያ ታይቶ የሚከደን መሆኑን እየገለጽን፣ እስከዚያው እንዳትጠቀሙበት፣ በተጠቃሚዎች መካከልም በስም ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ እናሳስባለን።»

«የውሃ መሥሪያ ቤት መሆኑን አላዩትም?» አልኳቸው።

«አይቻለሁ። የመንግሥት ሥራ፣ ማን የማንን እንደሚሠራ በምን ይታወቃል? አትጠቀሙ ካሉ አትጠቀሙ ነው። ወደ መዝገባችን ተመለስን።»

የውሃ ሰዎቹን አልወቅስም። ከሁላችንም ለደብዳቤ መልስ የጻፉ እነሱ ብቻ ናቸው። የእኔን ጥፋት ግን ለጋሽ ተሾመ አልነገርኳቸውም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩና፣ ያስቀመጡትን የደብዳቤዎቹን ግልባጭ ብቻ ለምኜ ወጣሁ። ፈሪ ነኝ።

ግቢው ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ቆሜ ለለሊሴ ደወልኩ። አንዲት ቃል ሳላስቀር ነገርኳት፤ አባሪውን ጭምር። «ደብዳቤዎቹን ያንብቡልኝ» አለችኝ።

የመጀመሪያውን አነበብኩ፤ የነጴጥሮስን። «የአንድ ፊደል ስህተት ናት» አለች። «አሥር ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።»

ሁለተኛው ያው ነው፤ «የመጀመሪያው ምናልባት ሳይደርሳችሁ ቀርቶ እንደሆነ በሚል» ብሎ ይጀምራል። ሦስተኛውን ማንበብ ከበደኝ። ጋሽ ተሾመ እንዲህ ብለዋል፦ «ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ ስሙ አልተጻፈም። ከተቻለ ይህን ንገሩልን። ቀድሞ እናቶች ካርድ እስኪገኝ ልጅ አዝለው እስከ ቀትር ይቆሙ ነበር። አሁን እንደገቡ ወደ ሐኪሙ ያልፋሉ። ሰውየው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለው ይሆናል ብዬ ነው። እግዚአብሔር ያክብረው።»

«መቼ ነው የተጻፈው?» አለችኝ።

«ሰኔ መግቢያ ላይ።»

በስልኩ ውስጥ የባንኩ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል። እሷ እያለቀሰች እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። አፈርኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እንዲያ አፍሬም ቢሆን «ታስተካክይላቸዋለሽ?» ብዬ ከመጠየቅ አልተመለስኩም።

«ውል ፈርሜያለሁ ጋሼ። ከባንኩ ሌላ ሥራ አልነካም ብዬ ፈርሜያለሁ። ክፍት ነው እኮ፤ ከመካከላችሁ አንድ ሰው ያስተካክለው።»

ከመካከላችን! ሊቀ መንበሩ? ቁጥጥር ኮሚቴው? እኔ? ይህን እሷም ታውቃለች። ክፋት የላትም፤ ያን ጊዜ ብትከፋብን ግን መብቷ ነበር።

«ለሰውየው ይጻፉላቸው» አለችኝ በመጨረሻ። «የሠራችው ሴት ናት ይበሏቸው። ለሊሴ ትባላለች ይበሏቸው።» ስልኩን ዘጋችው።

የሚቀጥለው ቅዳሜ ለማኅበረሰቡ ነገሩን ዘርዝሬ አቀረብኩ። ኦቦ ድሪባ አዳምጠው ሲያበቁ ፊታቸው በራ። «ይህ እኮ ስኬት ነው! ተጠቃሚ ነበረን ማለት ነው። በዓመታዊ ሪፖርቱ ይግባ» አሉ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። አርባውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ትቼላቸው ወጣሁ፤ ተከትሎ የጠራኝ የለም።

ቤቴ ገብቼ በእጄ ጻፍኩ፤ ያለ ቁጥር፣ ያለ ማኅተም፣ ጉዳዩ የሚል መስመርም ሳላስገባ። ፕሮግራሙን የሠራችው ለሊሴ የምትባል የአምቦ ልጅ መሆኗን፣ ምስጋናቸውን ከሄደች በኋላ መስማቷን፣ እንዲዘገይ ያደረግኩትም እኔ መሆኔን ጻፍኩ። ይህ ከሆነ ቆየ። ጋሽ ተሾመ መልስ አልጻፉልኝም። አልፈርድባቸውም። ሦስት ጊዜ ጽፎ ሰሚ ያጣ ሰው ለአራተኛ ጊዜ ብዕር አያነሳም፤ እኔም ብሆን አላነሳም።